ካላዛርን የሚያድነው መርፌ በስሜት ሕዋሳት ላይ ምን ይሠራል? ከመተማ ቆላ የሚነሣ የምርምር ጥያቄ

ክረምት ሊገባ ሲል ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃምና ከሌሎችም ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይወርዳሉ። በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውሃና በቋራ ዙሪያ የተንጣለሉት የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች የሚታረሙትና የሚታጨዱት በእነዚህ ሰዎች ክንድ ነው። ቀን በእርሻ የዋለ ሠራተኛ ሌሊቱን ብዙውን ጊዜ ደጅ ያድራል። የዋልካው አፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የአሸዋ ዝንብ መጠለያ ይሆናል። ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችው የዚህ ዝንብ ዝርያ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተሰኘውን ተውሳክ በንክሻዋ ታስተላልፋለች። ከወራት በኋላ የማያባራ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት ይከተላሉ። በሽታው ካላዛር ነው፤ ካልታከመ ከመቶ ሕሙማን ከ95 የሚበልጡትን ይገድላል።

ሕክምናው ባለፉት ዓመታት ብዙ ተሻሽሏል። ቀድሞ ሕሙማን ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን የአንቲመኒ መድኃኒት ለ30 ቀናት በመርፌ ይወስዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያቀረበው ምክር ይህንኑ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር በማጣመር ሕክምናውን ወደ 17 ቀናት አሳጠረው። ጎንደርና አርባ ምንጭ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የክልላዊ ሙከራ ውጤት ከስድስት ወራት በኋላ የጥምሩ ፈዋሽነት 91.4 በመቶ፣ የ30 ቀኑ ደግሞ 93.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በ13 ቀናት ማሳጠር ከአልጋ ቁጥር፣ ከስንቅና ከደመወዝ አንጻር ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ይሁን እንጂ ፓሮሞማይሲን የአሚኖግላይኮሳይድ ወገን ነው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲን፣ ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን ሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። የዚህ ወገን መድኃኒቶች ተውሳክን ወይም ባክቴሪያን ሲያጠቁ የሰውን ኩላሊት፣ ጆሮና የነርቭ ጫፍ እንደሚነኩ ከታወቀ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው፦ ፓሮሞማይሲን በስሜት ሕዋሳት የካልሲየም ቻናሎች ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የቤተ ሙከራ ቅንጦት ሳይሆን የመተማ ሕሙማን ጉዳይ ነው፤ ስለሆነም መድኃኒቱ በሚሰጥበት ምድር፣ ለሕሙማኑ በሚቀርበው ዩኒቨርሲቲ ሊጠና፣ ጉዳቱም በጥያቄ ሳይሆን በልኬት ሊከታተሉት ይገባል።

ሁለት በሮች፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት

የስሜት ነርቭ ሕዋስ ሙቀትን፣ ሕመምን፣ ንዝረትን ወይም ንክኪን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። የሕዋሱ አካል ከአከርካሪ አጥንት ጎን ለጎን በተደረደሩት ጋንግሊያ ውስጥ ይገኛል፤ አንዱ ዘንጉ ወደ ቆዳና ጡንቻ፣ ሌላው ወደ ሕብለ ሰረሰር ይዘረጋል። ምልክቱ ከዘንጉ ጫፍ ሲደርስ የሽፋኑ ቮልቴጅ ይለወጣል፤ በሽፋኑ ላይ ያሉት የካልሲየም ቻናሎችም ይከፈታሉ። የሚገባው ካልሲየም መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን፣ ማለትም ግሉታሜትንና ሰብስታንስ ፒን፣ ከከረጢቶቻቸው ያስለቅቃል። ቻናሎቹ ኤል፣ ኤን፣ ፒ/ኪው፣ አርና ቲ በሚባሉ ዓይነቶች ይከፈላሉ። የሕመም መልእክት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ በሚተላለፍበት ጫፍ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ኤን የተባለው ነው። በሕመም ማስታገሻነት የሚታወቀው ዚኮኖታይድ፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ተወስዶ የተዘጋጀው፣ ይህንኑ ቻናል ይዘጋል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ደግሞ የቻናሉን ረዳት ክፍል ይይዛሉ።

አሚኖግላይኮሳይዶች ወደዚህ ቻናል የሚመጡት በሌላ መንገድ ነው። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ አሚኖ ቡድኖቻቸው አዎንታዊ ሙል ይይዛሉ፤ ካልሲየምም አዎንታዊ ሙል አለው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከካልሲየም ጋር በቻናሉ አፍ ላይ ይሻማል፤ ቦታውን ሲይዝም መተላለፊያውን ይደፍናል። በአይጥ የስሜት ነርቭ ሕዋሳት ላይ በኒዮማይሲን የተደረጉ የፓች ክላምፕ ልኬቶች ይህን አሳይተዋል። ኒዮማይሲን ስድስት አሚኖ ቡድኖች አሉት፤ ፓሮሞማይሲን በአንዱ ቦታ በአሚኖ ፋንታ ሃይድሮክሲል ስለያዘ አምስት ብቻ አሉት። በሞለኪሉ ላይ ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት በሙል ላይ ተመሥርቶ ለሚሠራ ድፍነት ትርጉም አለው፤ የአንዱን መድኃኒት ልኬት ለሌላው እንዳለ መውሰድ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድፍነቱ ሁለት ጠባያት አሉት። ፈጥኖ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲታጠብም ይሄዳል። የውጪው ካልሲየም ሲጨምር ይደክማል፤ ሲቀንስም ይበረታል። በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ የመተንፈሻ ጡንቻ ሊዝል ይችላልና ሐኪሞች ካልሲየም ግሉኮኔትን በደም ሥር የሚሰጡት በዚሁ አመክንዮ ነው።

በጆሮ ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ፀጉራም ሕዋሳት ድምፅን የሚቀበሉት በጫፎቻቸው ላይ ባሉ፣ በእንቅስቃሴ በሚከፈቱ ቻናሎች ነው፤ እነዚህ ቻናሎችም ካልሲየምን ያስገባሉ። አሚኖግላይኮሳይድ እነዚህን ቻናሎች ሲደፍን በዚያ አይቆምም፤ ቀስ እያለ በእነሱ በኩል ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል። በጆሮው ውስጥ ያለው ኢንዶሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የካልሲየም መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ፣ የኤሌክትሪክ አቅሙ ደግሞ 80 ሚሊቮልት ያህል አዎንታዊ ነው። ተወዳዳሪው ካልሲየም ጥቂት ነው፤ ግፊቱም ወደ ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱም አዎንታዊ ሙል አለው። ሦስቱም ተባብረው ያስገቡታል። ከገባ በኋላ ቶሎ አይወጣም፤ ማይቶኮንድሪያን ያውካል፤ ሕዋሱም ሊሞት ይችላል። በሰው ላይ የሞተ ፀጉራም ሕዋስ አይተካም።

እንግዲህ አንድ መድኃኒት፣ ሁለት በሮች አሉ። በአንደኛው በር ላይ መድኃኒቱ ቆሞ መንገድ ይዘጋል፤ ሲነሣ መንገዱ ይከፈታል። በሁለተኛው በር አልፎ ቤቱን ያፈርሳል። የመጀመሪያው የሚወሰነው በደም ውስጥ በሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ነው፤ የሁለተኛው የሚወሰነው ይበልጡኑ በጠቅላላው መጠንና በቆይታው ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «የአሚኖግላይኮሳይድ የጎንዮሽ ጉዳት» በሚል አንድ ስም መጥራት ክትትሉን ያዛባል።

ከሰሐን ወደ ሕመምተኛ

የቤተ ሙከራ ልኬት ለሕመምተኛ ፋይዳ የለውም የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። በሰሐን ውስጥ ያለ የአይጥ ሕዋስ በመተማ አልጋ ላይ ካለ ሰው ጋር ምን አገናኘው? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ መልሱም በስሌት ሊሰጥ ይገባል። በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ከ12 እስከ 15 ሚሊግራም በኪሎግራም ፓሮሞማይሲን በጡንቻ ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሚሊሊትር ከ20 ማይክሮግራም ጥቂት ይበልጣል። የሞለኪሉ ክብደት 615 ገደማ ስለሆነ ይህ ወደ 33 ማይክሮሞላር ይጠጋል። አሚኖግላይኮሳይዶች የካልሲየም ቻናልን የሚደፍኑባቸው መጠኖች ከአሥሮች እስከ መቶዎች ማይክሮሞላር ስለሚዘረጉ የሕመምተኛው ደም ቢያንስ ወደ ታችኛው ጠርዝ ይደርሳል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ በቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ካልሲየም ወይም ባሪየም በሰው ደም ውስጥ ካለው ነፃ ካልሲየም፣ ማለትም ከ1.2 ሚሊሞላር ገደማ፣ የበዛ ነው። ተወዳዳሪው በበዛበት ሰሐን የተለካ ድፍነት በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በሌላ በኩል የሕብለ ሰረሰር ጫፎች በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ ይጠብቃቸዋል፤ መድኃኒቱ በቀላሉ አያልፈውም። በአይጦች ላይ አሚኖግላይኮሳይድ በቀጥታ ወደ ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ሲገባ ሕመም እንደሚቀንስ ቢታይም በጡንቻ መርፌ የሚወስድ ሕመምተኛ ግን ሕመሙ የማይደነዝዘው ለዚህ ነው። የጋንግሊያው ሕዋስ አካላት ግን ይህን ያህል መከላከያ የላቸውም፤ የደም ሥሮቻቸው ክፍት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ሳይሆን «የትኛው የሕዋሱ ክፍል ጋ፣ በምን መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይደርሳል?» የሚል ነው።

የምዕራብ ጎንደር ሕመምተኛ ጤነኛ ፈቃደኛ አይደለም። ለወራት ሲከሳ የቆየ ነው፤ በካላዛር ምክንያት አልቡሚኑ ዝቅ ያለ ነው፤ በሙቀት የተነሣ ፈሳሽ አጥሮት ሊሆን ይችላል። ፓሮሞማይሲን ከሰውነት የሚወጣው ከሞላ ጎደል በኩላሊት ብቻ ነው። ኩላሊት ሲዳከም መድኃኒቱ ይከማቻል፤ አንቲመኒና አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ ራሳቸው ኩላሊትን ይጎዳሉ። በሽታው አገርሽቶበት ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው ኩላሊቱ የቀድሞው ኩላሊት አይደለም። ወባ ሲጨመርበትና ኪኒን ሲወስድ ጆሮው ሁለተኛ ሸክም ይሸከማል። በትራክተር ጩኸት አጠገብ የሚውል ከሆነም ሦስተኛ።

የመጠኑም ታሪክ ሊታሰብበት ይገባል። በህንድ 15 ሚሊግራም በኪሎግራም ለ21 ቀናት ብቻውን የተሰጠው ፓሮሞማይሲን እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ሙከራ 94.6 በመቶ ፈዋሽነት አሳይቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ያው መጠን እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት 63.8 በመቶ ብቻ አዳነ። መጠኑ ወደ 20 ሚሊግራም ከፍ የተደረገውም፣ በኋላም ከሌላ መድኃኒት ጋር መጣመር ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ከአንቲመኒ ጋር በሚደረገው ጥምር 15 ሚሊግራም ለ17 ቀናት ይሰጣል፤ ድምሩ በኪሎግራም 255 ሚሊግራም ነው። ሚልቴፎሲን ከተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር በምሥራቅ አፍሪካ በተሞከረው አዲሱ ጥምር 20 ሚሊግራም ለ14 ቀናት ይሰጣል፤ ድምሩ 280 ሚሊግራም ነው። የህንዱ ድምር 315 ነበር።

በድምር ብቻ ለሚመለከት የቆላው ሕመምተኛ ከህንዱ ያነሰ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚያሰጋ ነገር ያለ አይመስልም። በሁለቱ በሮች መነጽር ሲታይ ግን አዲሱ ጥምር የዕለቱን መጠን በአንድ ሦስተኛ ከፍ ያደርጋል። በፀጉራም ሕዋስ ውስጥ የሚከማቸው ሊቀንስ ሲችል በቻናሉ አፍ ላይ የሚደረገው ሽሚያ ግን በየቀኑ መርፌ ማግሥት ይበረታል። አዲሱ ጥምር አንቲመኒ በልብና በቆሽት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማስቀረቱ ታላቅ እርምጃ ነው። እርምጃው ታላቅ መሆኑ ግን ቀሪው መድኃኒት በስሜት ሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከመጠየቅ አያግድም፤ እንዲያውም አንቲመኒ ከመንገዱ ሲወጣ የፓሮሞማይሲን ድርሻ ለብቻው ተለይቶ ሊታይ የሚችልበት አጋጣሚ ተፈጥሯል።

«ከመሞት መሰንበት»

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአልጋው ጎን የሚነሣ ነው። ካላዛር ይገድላል፤ መድኃኒቱ ያድናል፤ ጥቂት መስማት ቢቀነስ ከመሞት መሰንበት ይሻላል ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው መድኃኒቱ ይቅር አይልም። ነገር ግን መሰንበት የሚለው ቃል ከሕክምናው በኋላ ያለውን ኑሮ ይጨምራል። መስማት የሚጠፋው በአንድ ጊዜ አይደለም። የአሚኖግላይኮሳይድ ጉዳት የሚጀምረው ከውስጠኛው ጆሮ ግርጌ፣ ከከፍተኛ ድምፆች ነው። ሕመምተኛው ሐኪሙን አጠገቡ ተቀምጦ ሲያናግረው ይሰማዋል፤ «ትሰማለህ ወይ?» ሲባልም «አዎን» ይላል፤ አይዋሽምም። ጉዳቱ እየወረደ ወደ ንግግር ድምፆች ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚደበዝዙት ሰ፣ ሸ፣ ጸን የመሰሉ ድምፆች ናቸው። «ሰጠ» እና «ሸጠ» በጆሮው ሲምታቱበት በሰሊጥ ገበያ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ሌላም ችግር አለ። ሠራተኛው ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ደጋው አገሩ ይመለሳል። ጉዳቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቢገለጥ የሚገለጠው መድኃኒቱን ከወሰደበት ቦታ ርቆ ነው። ቤተሰቡ በሽታው ያመጣው ነው ይላል፤ ወይም ዕድሜ ነው ይላል። ጉዳቱ በመድኃኒቱ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። የመስማት ክትትል በጥያቄ ብቻ ከተወሰነ፣ ጊዜውም በሆስፒታል ቆይታ ብቻ ከታጠረ፣ የሚገኘው ዝቅተኛ ቁጥር የመድኃኒቱን ደኅንነት ሳይሆን የመለኪያውን ድክመት ሊያሳይ ይችላል።

ለዚህ ከቅርብ ምሳሌ መማር ይቻላል። መድኃኒት የተለማመደውን ሳንባ ነቀርሳ ለማከም ካናማይሲንና መሰሎቹ ለዓመታት ሲሰጡ ቆይተዋል። የመስማት ጉዳቱ በኦዲዮሜትር እየተለካ ሲመዘገብ መጠኑ ችላ የማይባል ሆኖ ተገኘ። የሚዋጡ አማራጮች ሲመጡም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን እንዲቀሩ መከረ። ያንን ውሳኔ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ልኬት ነው። ለካላዛር ዛሬ ተመሳሳይ አማራጭ በእጅ የለም፤ አማራጭ ሲመጣ ግን ለመወዳደር የሚያስችል መረጃ ዛሬ መሰብሰብ አለበት።

ምን ይደረግ?

የሚቀርበው ሐሳብ ከአገሪቱ አቅም በላይ አይደለም። የመጀመሪያው ክሊኒካዊ ነው። ፓሮሞማይሲን የሚወስድ ሕመምተኛ ሁሉ ሕክምና ሲጀምር፣ ሲጨርስና ከስድስት ወራት በኋላ መስማቱ በኦዲዮሜትር ቢለካ መልካም ነው። ስድስተኛው ወር የፈውስ ማረጋገጫ ቀጠሮ የሚሰጥበት ጊዜ ስለሆነ አዲስ ጉዞ አይጠይቅም። ልኬቱ በተለመደው 8 ሺህ ኸርዝ ላይ ሳይቆም የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ከዚያ በላይ ቢዘልቅ ጉዳቱ ወደ ንግግር ሳይወርድ ይያዛል። ወደ ደጋው ለሚመለሰው ሠራተኛ የመነሻ ልኬቱ በመሸኛ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍለት በአገሩ ያለው ጤና ጣቢያ የሚያነጻጽርበት ነገር ያገኛል። ከዚህ ጎን በ128 ኸርዝ የማስተካከያ ሹካ የእግርን የንዝረት ስሜት መፈተን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድና ርካሽ ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. ራሱም የእግር ነርቭን ስለሚጎዳ የመነሻ ፍተሻው የግድ ነው።

ሁለተኛው ቤተ ሙከራዊ ክትትል ነው። ክሪያቲኒን ብቻ ሳይሆን ካልሲየምም ቢለካ ይገባል፤ በተለይ ነፃው ካልሲየም። የካላዛር ሕመምተኛ አልቡሚኑ ዝቅ ስለሚል ጠቅላላ ካልሲየሙ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ ነፃው ደግሞ በእርግጥ ዝቅ ቢል ለቻናሉ ድፍነት መንገድ ይከፍታል። ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው፣ ጡንቻ አዝላል መድኃኒት ለሚሰጠው ሕመምተኛ ይህ ልዩነት የእስትንፋስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው የተተወ ነው። ፓሮሞማይሲን በራሱ፣ ከኒዮማይሲንና ከጄንታማይሲን ጎን ለጎን፣ በ1.2 ሚሊሞላር ካልሲየምና በሰውነት ሙቀት፣ በሕመምተኛው ደም ውስጥ በሚደርሰው መጠን በስሜት ነርቭ ሕዋሳት ላይ ቢለካ ከላይ የቀረበው ስሌት ይረጋገጣል ወይም ይፈርሳል። ስሌቱ መፍረሱም ውጤት ነው፤ ሐኪሙ ካንዱ ስጋት ይገላገላልና። የፓች ክላምፕ መሣሪያ ውድ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ሊኖር አይችልም። ሆኖም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናውን ልምድና የሕሙማኑን ቅርበት፣ ሌሎች ተቋማት ደግሞ መሣሪያውን ይዘው በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። በማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ላይ ያለውና ለዚህ ወገን መድኃኒቶች ጆሮን አጥብቆ የሚያጋልጠው 1555 ተብሎ የሚጠራው ለውጥም በዚሁ ሥራ ውስጥ ቢፈተሽ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ማን ሊጠበቅ እንደሚገባ ይታወቃል።

በሀገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መሠረታዊ ፋርማኮሎጂ ብዙ ጊዜ ለፈተና የሚጠና፣ ከዚያም የሚረሳ ነገር ሆኖ ይታያል፤ የቆላ በሽታ ጥናት ደግሞ ለኅብረተሰብ ጤና ክፍል ብቻ የተተወ ይመስላል። የፓሮሞማይሲን ጉዳይ ሁለቱ በአንድ ሕመምተኛ አልጋ ላይ እንደሚገናኙ ያሳያል። በመጪው የአጨዳ ወቅት የመተማ ሕክምና ማዕከላት አዳዲስ ሕሙማን ይቀበላሉ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ከክብደትና ከጣፊያ መጠን ቀጥሎ የመስማት ልኬት የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።